ጋቢዎ ሲሰቀል፦ የእጅ ሥራን ለባዛርና ለውድድር ማዘጋጀት

ደሴ ፒያሳ፣ የባህል ልብስ ሱቅ ደጃፍ ላይ ለልጇ ሠርግ ጋቢ የምትመርጥ እናት አይተው ያውቁ ይሆናል። ቀድማ ዋጋ አትጠይቅም። ጫፉን ገልብጣ የስፌቱን ጀርባ ታያለች። ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፤ የሳሳ ቦታ ካለ ያን ጊዜ ይጋለጣል። ከዘርፉ አንዷን ክር ይዛ በጣቷ ታፍተለትላለች። በመጨረሻም ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች። “ስንት ነው?” የምትለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የኤግዚቢሽን ዳኛም ከዚህች እናት የተለየ ነገር አያደርግም። የሚለየው የልብሱ ሁኔታ ነው። ጋቢ ሰው ሲለብሰው ትከሻ ይሸከምለታል፤ እጥፋቱም ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ተዘርግቶ ሲሰቀል ግን ሸፋኝ የለውም። የተንጋደደ ዳር፣ ያልተገጣጠመ ጥለት፣ በሳጥን ውስጥ የቆየ የእጥፋት መስመር፣ ሁሉም ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ለመልበስ የተሠራውን ለመሰቀል ማብቃት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህ መመሪያም የተጻፈው ለዚያ ሥራ ነው።

በሌላው ዓለም “በእጅ የተሠራ ብርድ ልብስ ትርኢት” ሲባል ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደርቦ በመርፌ የተሰፋው ነው የሚታሰበው። አሜሪካ ውስጥ ሂዩስተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ፣ ፓዱካ የምትባለው ትንሽ ከተማ ደግሞ ከ1985 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ትልልቅ ትርኢቶች ያስተናግዳሉ። እኛ ዘንድ ቁርጥራጭ ደራርቦ መስፋት ድሪቶ ነው፤ ስሙም የችግር ስም ሆኖ ቀርቷል። የእኛ ድርብ ብርድ ልብስ የሚወጣው ከሸማኔው ጉድጓድ ነው፦ ባለ አራት እጥፉ ጋቢ፣ ከእሱ የሚከብደው ቡልኮ፣ በደጋው አገር ደግሞ ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ባናና ዝተት። ከነዚህ አንዱን ይዘው ሊቀርቡ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ።

1. ቀኑን ቀድመው ይወቁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ባዛር፣ ኤግዚቢሽንና ውድድር በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ አይደሉም። በባዛር የሚቀርበው ለመሸጥ ነው፤ ብዙ ዕቃ ያስፈልጋል። በኤግዚቢሽን የሚቀርበው ለማሳየት ነው፤ ጥቂት ግን የተመረጠ ሥራ ይበቃል። በውድድር የሚቀርበው ለመመዘን ነው፤ እዚያ አንድ ሥራ፣ እሱም እንከን የሌለው መሆን አለበት። ጥሪ ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄዎ “የትኛው ነው?” ይሁን።

ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በከተማና በዞን መምሪያዎች በኩል ነው። የባህልና ቱሪዝም፣ የንግድ እንዲሁም የሥራና ሥልጠና ቢሮዎችን የማስታወቂያ ሰሌዳ በየጊዜው ይመልከቱ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በየዓመቱ የክህሎትና የቴክኖሎጂ ውድድር ስለሚያካሂዱ፣ በደሴ ወይዘሮ ስሒን ፖሊ ቴክኒክ፣ በኮምቦልቻም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ጎራ ብሎ መጠየቅ አይከፋም። ወደ አዲስ አበባ ለሚያስቡ፣ በበዓላት ሰሞን በመስቀል አደባባዩ ኤግዚቢሽን ማዕከል የሚከፈቱት ባዛሮች የታወቁ ናቸው። በ2014 ዓ.ም የተጀመረው “ኢትዮጵያ ታምርት” ንቅናቄም በሚሊኒየም አዳራሽ ኤክስፖ ሲያዘጋጅ ቆይቷል።

በደቡብ ወሎ ለጋቢ ሻጭ ትልቁ ወቅት መስከረም ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል ይከተላተላሉ፤ መስከረም 21 ቀን ደግሞ የግሸን ማርያም ተጓዥ ደሴን አቋርጦ ወደ አምባሰል ይሄዳል። ገና፣ ጥምቀትና የጥር ሠርግ ሌላው ወቅት ነው። መውሊድ፣ ዒድና አረፋ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ። ያምናውን ቀን ይዘው አይቁጠሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለመስከረም የሚቀርብ ጋቢ ታጥቦ መድረቅ ያለበት በሰኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ላይ ሲተኛ አራት እጥፍ ጥጥ ውስጡ ሳይደርቅ ይከርማል፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ደግሞ ይሻግታል። ጊዜው ካመለጠዎትና ኮምቦልቻ ዘመድ ካለዎት ወደዚያ ይውሰዱት። ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ፀሐይ ብቅ ባለች ጊዜ በጥላም ቢሆን ቶሎ ይደርቃል።

2. ከሠሩት ሁሉ አንዱን ይምረጡ

ሰው ሲመርጥ የደከመበትን ይወዳል። ዳኛው ግን ድካምዎን አያይም፤ ልብሱን ብቻ ነው የሚያየው። ያሉዎትን ጋቢዎች ከጓደኛ ጋር ሆነው በእነዚህ አምስት ፈተናዎች ያሳልፏቸው። ምርመራው የራስዎ ሸማኔ ወይም ፈታይ በሌለችበት ቢሆን ይሻላል፤ በይሉኝታ ፍርድ ይጣመማል።

የብርሃን ፈተና። ሁለት ሰው ዳርና ዳሩን ይዞ በመስኮት ፊት ይዘርጋው። ማጉ ጠበቅ ተደርጎ ያልተመታበት ቦታ እንደ መስመር ያበራል። አንድ ሁለት ቢሆን የእጅ ሥራ መልክ ነው፤ በየስንዝሩ ከሆነ ግን ያ ጋቢ ለቤት ይሁን።

የእጥፋት ፈተና። ንጹሕ ወለል ላይ አንጥፈው ጫፍና ጫፉን ያገጣጥሙ፤ ቀጥሎም በቁመቱ ያጥፉት። ዳሮቹ ልክ ለልክ ካልገጠሙ ሲሰቀል አንዱ ጎን ያዘነብላል። ይህን ካውያ አያስተካክለውም።

የስፌት ፈተና። ጋቢ የሚገኘው ከሸማኔው የወጣው ጨርቅ ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ተጋጥሞና ተደርቦ ሲሰፋ ነው። መጋጠሚያው ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ ስፌቱ ጨርቁን ይሸበሽበዋል ወይ? የሁለቱ ወገን ጥለትስ በአንድ መስመር ይገናኛል ወይ? ጥለቱ በአንድ ጣት እንኳ ቢዛነፍ ከሩቅ ዓይን ይወጋል። ደግነቱ ይህ የሚታረም ነው፤ ስፌቱ ተተርትሮ እንደገና ይገጠማል። ለዚህ ግን አንድ ሳምንት ይተዉ።

የክር ፈተና። መዳፍዎን በቀስታ ያሳልፉበት። ባዘቶው በደንብ ያልተነደፈ ከሆነ ፈትሉ ጉጥ ጉጥ ይላል። የእጅ ፈትል እኩል ላይሆን ይችላል፤ ውበቱም እሱ ነው። ቀስ በቀስ የሚወፍርና የሚቀጥን ፈትል ግን ከጉጣም ፈትል ይለያል፤ እጅ ያውቀዋል።

የጥለት ፈተና። በጥለቱ ጀርባ የተንዘላዘለ ክር፣ በመሃል የተቀየረ ቀለም፣ ወይም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስፋቱ የጠበበ ጥለት አለ? ዳኛ ሁልጊዜ ይገለብጣል። ጀርባው ያላፈረበት ጥለት ፊቱን አያሳፍርም።

ቡልኮም በዚሁ ይመዘናል፤ ክብደቱ ግን አያሞኝዎት። ወፍራም ፈትል ላላ ብሎ ቢሸመንም ይከብዳል። ጨብጠው ሲለቁት ቶሎ የሚመለሰውን ይምረጡ።

3. ይጠቡት፤ አዲስ ቢሆንም

“ያልታጠበ አዲስ ነው” ማለት እንደ ክብር ይቆጠራል። ነገር ግን ሸማኔው ድሩ እንዳይበጠስ የዱቄት ሙጫ ቀብቶት ከሆነ፣ ያ ሙጫ ጨርቁን ያደርቀዋል፤ አይጥና ተባይም ይጠራል። የእጅ ፈትል ደግሞ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ገዢ ወስዶ ቢያጥበውና ቢያጥርበት ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ ከመታጠቡ በፊትም በኋላም ይለኩት፤ ለዳኛና ለገዢ የሚነግሩት የኋለኛውን ልክ ይሁን።

በመጀመሪያ የጥለቱን ቀለም ይፈትኑ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጭነው ያንሱ፤ ቀለም ከያዘ ጋቢውን አይዘፍዝፉት፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ለቅለቅ አድርገው ያውጡት። ቀለሙ ካልለቀቀ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት። እናቶቻችን ሸማ ያጠቡበት የነበረው እንዶድም አሁንም ይሠራል፤ ነጩን ሳይጎዳ ያነጣል። በረኪና ግን አይሆንም። ለዕለቱ ያነጣል፤ ክሩን ግን ይበላዋል፤ ጥለት ላይ ካረፈ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ሲያለቀልቁ ውሃው ጥርት እስኪል ይሁን፤ ያልለቀቀ ሳሙና ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። አጣምመው አይጭመቁ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጥጡ፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ያስጡ። የሽቦ ገመድ ዝገት ያትማል፤ ሽቦውን በጨርቅ ሳይጠቀልሉ አይጠቀሙበት። ባናና ዝተት ከሆነ ሙቅ ውሃ ፈጽሞ አይንካው፤ የበግ ፀጉር በሙቅ ውሃና በማሸት ይጠጥራል። አየር ላይ አውጥቶ ማራገፍና መቦረሽ ይበቃዋል።

የሽታውን ነገር አይናቁ። በወጥ ቤት አጠገብ የተቀመጠ ጋቢ ጭስና ቅቤ ይሸታል። ያን ለመሸፈን እጣን ማጠንም መፍትሔ አይደለም፤ ሽታ በሽታ ላይ ይደረባል። ሁለት ቀን ነፋስ ይምታው።

4. ጫፉን ይጨርሱ

ዘርፉ እኩል ተቋጭቷል? አንዱ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ ከሆነ ይፍቱና እንደገና ያስቋጩ። ርዝመቱን በካርቶን ቁራጭ ለክተው በመቀስ ያስተካክሉ። የተንጠለጠለ ክር ሲያገኙ አይጎትቱ፤ ይሰበስባል። በመርፌ ወደ ውስጥ ይመልሱት። በመጨረሻ ጥቂት እርጥበት እያለው፣ በላዩ አቡጀዴ አድርገው በካውያ ይለፉበት። ጥለቱን በጀርባው ይተኩሱ፤ በፊቱ ከተኮሱት ይተኛና ያብለጨልጫል።

5. ሳይወጉ ይስቀሉ

በየባዛሩ የሚታየው ትልቁ በደል ይህ ነው፦ ወራት የተደከመበት ጋቢ በሁለት ምስማር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲንገላታ። ክብደቱ ሁለት ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ መሃሉ ይረግባል፤ ማዕዘኑ ይለጠጣል፤ ዝገቱም ይቀራል። በአሜሪካዎቹ ትርኢቶች ተሳታፊው ብዙ ጊዜ በሥራው ጀርባ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የጨርቅ ቱቦ ሰፍቶ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ለእኛ ጋቢም ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአቡጀዴ አንድ ጋት ስፋት የሚኖረው ረጅም ቱቦ ይስፉ። መሃል ላይ ክፍተት እንዲኖር ሁለት ቦታ ይክፈሉት። በጋቢው ጀርባ፣ ከላይኛው ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብለው በእጅ ስፌት ያያይዙት። ጋቢ አራት እጥፍ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ መርፌዎ የኋለኛውን እጥፍ ብቻ ይያዝ፤ ፊቱ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አትታይም። በቱቦው ውስጥ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም የመጥረጊያ እንጨት ያሳልፉ። እንጨቱ በሁለቱም በኩል ግማሽ ስንዝር ይትረፍ። ገመዱን ሁለቱ ጫፎች ላይና በመሃሉ ክፍተት ላይ ያስሩ፤ ሦስት ቦታ የተያዘ ቡልኮም ቢሆን አይረግብም።

ጥለቱ በቆመ ሰው ዓይን ልክ እንዲያርፍ ቁመቱን ያስተካክሉ። ቀጥታ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ ከተመደበልዎ ያስቀይሩ፤ ቀለም ይለቃል። አንድ ሌሊት ቤትዎ ሰቅለው ያሳድሩት። ጠዋት ሲያዩት የሚንጋደድ ከሆነ እንደገና ለማስተካከል ጊዜ አለዎት።

6. የሠሩት እጆች ይታወቁ፤ እውነቱም ይነገር

ከጋቢው አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ካርድ ከብዙ ንግግር ትበልጣለች። ይህን ያህል ይበቃታል፦

የሥራው ዓይነትና ከታጠበ በኋላ ያለው ልክ።
ጥጡ ከየት እንደመጣ።
ማን ፈተለ፣ ማን ሸመነ፣ ማን ቋጨ።
ድሩ ምንድን ነው፣ ማጉ ምንድን ነው።
ስንት ቀን ፈጀ።
እንዴት ይታጠባል።

ሦስተኛው መስመር ላይ ብዙ ጊዜ የሸማኔው ስም ብቻ ይጻፋል። ጥጡን የዳመጠችው፣ በደጋን የነደፈችው፣ በእንዝርት የፈተለችው ሴት ትረሳለች። የአንድ ጋቢ ማግ ግን የሳምንታት ፈትል ነው። ስሟን ይጻፉ፤ ፈቃዷንም ይጠይቁ።

አራተኛው መስመር የሐቀኝነት መስመር ነው። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ለድር የፋብሪካ ክር ይጠቀማል፤ ኮምቦልቻ ራሷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ በዚህ የሚያፍር የለም። የሚያሳፍረው “ሁሉም የእጅ ፈትል ነው” ብሎ መጋለጥ ነው። በማሽን የታተመ የሐበሻ ልብስ መሳይ ከውጭ ሲገባ ስለቆየ ገዢውም ዳኛውም ተጠራጣሪ ሆኗል። የሚፈትኑበትን ዘዴ እርስዎም ይወቁት፦ ከዘርፉ የተቆረጠች ክር በክብሪት ሲለኩሷት፣ ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ሸትታ የምትበተን ዓመድ ትሆናለች። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የበግ ፀጉር ደግሞ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። እርስዎ ቤትዎ ሞክረው ካወቁት ማንም አያሳፍርዎትም።

7. ዋጋውን ከመሄድዎ በፊት ይቁረጡ

ደብተር ይያዙ። የጥጡን፣ የፈታይዋን፣ የሸማኔውን፣ የቋጪውንና የሰፊውን ክፍያ ይደምሩ። ለቦታ ኪራይ፣ ለመጓጓዣና ለምሳ የሚያወጡትን ወደ ባዛሩ በሚወስዱት ዕቃ ብዛት አካፍለው በእያንዳንዱ ላይ ይጨምሩ። የራስዎ ቀንም ዋጋ አለው፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እሱን ሳይቆጥር ነው። ከዚያ ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ የሚጠሩትንና ከዚያ በታች የማይወርዱትን። ሁለተኛውን ለራስዎ ይያዙት። ለውድድር ብቻ የመጣ ሥራ ከሆነ “አይሸጥም፤ ትእዛዝ እንቀበላለን” ብለው ይጻፉ።

8. ሲጓዙ አያጥፉት፤ ይጠቅልሉት

የታጠፈ ጋቢ መስቀለኛ መስመር ይዞ ይደርሳል። ፒያሳ ያሉ የጨርቅ ነጋዴዎች ጣቃ ሲጨርሱ የሚጥሉት የካርቶን ቱቦ አለ፤ ይለምኗቸው፤ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ። ቱቦውን በንጹሕ አቡጀዴ ሸፍነው ጋቢውን ጥለቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅልሉበት። በላዩም ሌላ አቡጀዴ፣ ዝናብ ካለ ከሁሉም በላይ ፕላስቲክ ያድርጉ። ሲደርሱ ፕላስቲኩን ወዲያው ያውልቁ፤ ጥጥ ታፍኖ ማደር አይወድም። እስከ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ቢሆን፣ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ቢሆን፣ ጥቅሉ ከእርስዎ ጋር ውስጥ ይግባ። ጣሪያ ላይ ከናፍጣ ጀሪካን አጠገብ የተጫነ ነጭ ጋቢ ተመልሶ ነጭ አይሆንም።

9. በዕለቱ

ከመክፈቻው ቀደም ብለው ይድረሱ። መርፌ፣ ነጭ ክር፣ መቀስ፣ ገመድ፣ ሜትር፣ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅና የመታወቂያዎንና የንግድ ፈቃድዎን ፎቶ ኮፒ በአንድ ቦርሳ ይያዙ። ቦታውን ሌሊት ማን እንደሚጠብቅ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይውሰዱ።

ሰው ጋቢ ሳይነካ አያልፍም፤ “አትንኩ” ብሎ መጻፍም ገዢ ያርቃል። መፍትሔው ከዚያው ሥራ የተረፈ አንድ ክንድ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። እጅ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ የተሰቀለው ንጹሕ ሆኖ ይውላል። አንድ እንዝርትና እፍኝ ባዘቶ ደግሞ አጠገቡ ይሁን። መፍተል የምትችል እናት ተቀምጣ ብትፈትል፣ ከማንኛውም ድምፅ ማጉያ በላይ ሰው ትሰበስባለች።

ዳኞች ሲመጡ ብዙ አይናገሩ። የተጠየቁትን ይመልሱ፤ ሲገለብጡት አይደንግጡ። የሚሰጡትን አስተያየት ይጻፉ፤ በተለይ ሁለት ዳኛ የደገመውን። ተሸናፊ ሆነው ቢመለሱ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራዎ የሚጠቅመው እሱ ነው። ትእዛዝ ሲቀበሉ የፈታይዎን አቅም ያስቡ፤ በሳምንት የማይወጣ ሥራ በሳምንት ብለው ቀብድ አይያዙ።

10. ሲመለሱ

ቱቦውን ፈትተው ጋቢውን አንድ ቀን ያናፍሱ። ሲያጥፉት ከበፊቱ በተለየ መስመር ያጥፉ፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚታጠፍ ጨርቅ በዚያው ይበጠሳል። ባናና ዝተትን ከጥጥ ለይተው ያስቀምጡ፤ ብል የሚወደው የበግ ፀጉሩን ነው።

ያልተሸጠ ጋቢ ደግሞ ኪሳራ አይደለም፤ ብርድ ያለበት አገር ነውና ለባሽ አያጣም። ወደ ኋላ ልመለስና፣ ከመሄድዎ በፊት የሚደረግ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉን ጨርሰው ከመጠቅለልዎ በፊት ከሰፈርዎ ጋቢ በመምረጥ የታወቁ አንዲት እናት ይጥሩ። ቡና ያፍሉ፤ ጋቢውን ያሳዩዋቸው፤ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ብቻ ይከተሉ። ጫፉን ገልብጠው፣ ወደ መስኮት አንስተው፣ ክሩን አፍተልትለው፣ አሽትተው ሲያበቁ “ስንት ነው?” ካሉዎት ይጠቅልሉት፤ ደርሷል። ዝም ብለው ቡናቸውን ካነሱ ግን እጃቸው የቆየበትን ቦታ ያስታውሱ፤ የሚታረመው እዚያ ነው።